ልክና ነፃነት በስፌት መኪና ፊት

የሰው ልጅ ነፃ የሚሆነው አስገዳጁ ሲነሣለት ነው ወይስ አስገዳጁ ይሠራ የነበረውን ራሱ ለመሥራት ሲችል? ይህ ጥያቄ በፍልስፍና መድረክ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። ነገር ግን በረቂቅ ቃላት ብቻ በተያዘ ቁጥር ሁለቱም ወገን የረታ እየመሰለው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለሆነም ጉዳዩን ከአንድ ተጨባጭ የእጅ ሥራ ጋር አያይዞ መመርመር የተሻለ ይሆናል። ለዚህ ጽሑፍ የተመረጠው በአሜሪካ የተስፋፋው፣ በመኪና በነፃ እንቅስቃሴ የሚከናወነው የኩዊልት ስፌት ነው፤ በተለይም ጀማሪው ሥራውን የሚማርበት ወቅት።

ኩዊልት ማለት በሁለት ጨርቆች መካከል ባዘቶ የመሰለ ጥጥ ተነጥፎ፣ ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ ዳር እስከ ዳር በስፌት የተያያዙበት የአልጋ ልብስ ነው። የላይኛው ገጽ ብዙ ጊዜ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስለሚገጣጠም፣ በእኛ አገር ድሪቶ ተብሎ የሚናቀው ነገር በዚያ ከጥበብ ተቈጥሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስፌቱ ለረጅም ዘመን በእጅ መርፌ ሲሠራ ኖሯል። የስፌት መኪና ሲመጣ ግን አንድ ወሳኝ ለውጥ ተከሰተ። እ.ኤ.አ. በ1854 አለን ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ከመርፌው ሥር ብቅ ጥልቅ ለሚሉ ጥርሶች የፈጠራ መብት አገኘ። ጥርሶቹ ይነሣሉ፣ ጨርቁን አንድ እርምጃ ይገፋሉ፣ ይወርዳሉ፣ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። በዚህ ዘዴ የስፌቱ ርዝመት ከሰፊው እጅ ወጥቶ የብረት ተግባር ሆነ። ሰፊውም ጨርቁን ከማቅናት በቀር ስለ ልክ መጨነቁ ቀረ።

በነፃ እንቅስቃሴ ስፌት ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። ጥርሶቹ እንዲወርዱ ወይም እንዲሸፈኑ ይደረጋል፤ ጨርቁን አጥብቆ የሚረግጠው የመኪናው እግርም እምብዛም በማይጫን ሌላ እግር ይተካል። ከዚያ በኋላ ጨርቁን ወደ ፊትም፣ ወደ ኋላም፣ ወደ ጎንም የሚያንቀሳቅሰው የሰው እጅ ብቻ ነው። መርፌው ባለበት ሆኖ ይወጣል፣ ይወርዳል። ብዕሩ ቆሞ ወረቀቱ ከሥሩ እየተንቀሳቀሰ እንደ መጻፍ ነው ብንል አንባቢ ችግሩን ይገነዘበዋል። ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፈ መምህር እንኳ ስሙን በዚህ ዘዴ ልጻፍ ቢል የሚወጣለት ፊደል መቁጠር የጀመረ ሕፃን ጽሕፈት ነው።

እንግዲህ አስገዳጁ ተነሥቷል። ጀማሪው ግን ነፃ ሆኗልን? እጁ ፈጥኖ ፔዳሉን የሚረግጠው እግሩ ሲዘገይ ስፌቱ ይረዝማል። እግሩ ፈጥኖ እጁ ሲዘገይ ደግሞ ስፌቱ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይጠቀጠቃል። በጠመዝማዛው ላይ ጨርቁን በጥድፊያ ሲያዞር ከጀርባው ክሩ እንደ ሽፋሽፍት ተደርድሮ ይቀራል፤ ከፊት ያማረው ከኋላ ያሳፍራል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን አንድ ትንሽ ነገር ነው። አዲሱ እግር ጨርቁን ስለማይጫን፣ ጀማሪው እግሩን የሚያወርደውን እጀታ ማውረድ ከንቱ መስሎት ይተወዋል። ወዲያው ከጨርቁ ሥር ክሩ እንደ ወፍ ጎጆ ይተበተባል። ምክንያቱም የላይኛውን ክር ጨብጦ የሚወጥረው የመኪናው ክፍል የሚይዘው ያ እጀታ ሲወርድ ነው። ጫናው ቀርቷል፤ ውጥረቱ ግን ሊቀር አይችልም። ጥርሶቹ ሲወርዱም ሥራቸው አብሮ አልወረደም፤ ወደ ሰውየው ተላለፈ። ጀማሪው ያገኘው ነፃነት ገና ያልተሠራ ሥራ ነው።

መምህራንን የሚያከራክረው ይህን ሥራ እንዴት ማሠራት ይገባል የሚለው ነው። አንዳንዶች ጀማሪው በጨርቁ ላይ የተሣለ መስመር ተከትሎ ይስፋ ይላሉ። ሌሎች ያለ መስመር፣ እንደ ወንዝ እየተጠማዘዘ ጨርቁን ይሙላ ይላሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። መስመር የተሰጠው ጀማሪ ዐይኑን መርፌው ላይ ይተክላል፤ በዚያ ደግሞ ስሕተት የሚታየው ከተፈጸመ በኋላ ነውና እጁ ይደነግጣል፣ ስፌቱም ይሰባበራል። የለመደ ሰፊ የሚያየው መርፌው ገና ሊደርስበት ያለውን ቦታ ነው። «ዝም ብሎ መልቀቅ ማስተማር ነውን?» የሚሉ ተቃዋሚዎች ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የሚለቀቀው መስመሩ ነው፤ መምህሩ ግን የመኪናውን ድምፅ እያዳመጠ «እግርህን አረጋጋ፣ እጅህን አታጣድፍ» ሊል ከጎን መቀመጥ አለበት።

ዛሬ የጨርቁን ፍጥነት እየለካ መርፌውን ከዚያ ጋር የሚያስማማ መሣሪያ አለ። ልኩ እንደገና ወደ መኪናው ተመለሰ ማለት ነው። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አዛውንት ይህ በረከት ነው፤ ማንም ሊነፍጋቸው አይገባም። በዚህ መሣሪያ ትምህርቱን የሚጀምር ወጣት ግን ገና ያልጨበጠውን ያስረክባልና ምን እንዳጣ እንኳ አያውቅም።

በመኪና የተሰፋ ኩዊልት የእጅ ጥበብ ነውን የሚለው ክርክርም ከዚሁ ይመነጫል። እ.ኤ.አ. በ1989 በኬንታኪ ግዛት፣ በፓዱካ ከተማ በተካሄደው የአሜሪካ ኩዊልት ሠሪዎች ማኅበር ውድድር የካሪል ብራየር ፋለርት «ኮሮና ሁለት፦ የፀሐይ ግርዶሽ» ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። በመኪና የተሰፋ ሥራ ለዚህ ሲበቃ የመጀመሪያው ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1837 በጆርጂያ በባርነት የተወለደችው ሃሪየት ፓወርስ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የሣለችበትን ኩዊልት ከመቶ ዓመት በፊት የሠራችው በእጅም በመኪናም እየሰፋች ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 በችግር ምክንያት በ5 ዶላር የሸጠችው ያ ሥራ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ተጠብቋል። መለያው መሣሪያው ከሆነ እርሷን ከየትኛው ወገን እንመድባታለን? ልኩ በማን ዘንድ አደረ ብለን ብንጠይቅ ይሻላል።

የቀረው የጀማሪው ጠማማ ስፌት ይፈታ ወይስ ይቀመጥ የሚለው ነው። በመለማመጃ ቁራጭ ላይ ያለው አይፈታ፤ ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጥ። በአልጋ ልብስ ላይ ከሆነ ግን ልቅና ረጅም ስፌት የሚተኛበትን ሕፃን የእግር ጣት ይይዛል፤ ሕፃኑ ሲራገጥም ክሩ ይበጠሳል። እርሱ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢፈጅም፣ ይፈታ።