ጎማው ምን አጠፋ?

ባሌ፣ ሮቤ ውስጥ አንድ ጋራዥ በር ላይ የቆመች አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ሳትሄድ ትንቀጠቀጣለች። መሪው ይርገበገባል፣ በመስተዋቱ የሚታየው ነገር ሁሉ ይደበዝዛል፣ በበሩ ኪስ ውስጥ የተጣሉት ሳንቲሞች ይንቀጫቀጫሉ። ሹፌሩ «ሞተሩ ታሟል» ብሎ ደምድሟል። እንዲህ ያለ ነገር የለመደ መካኒክ ግን መፍቻ አያነሳም፤ ኮፈኑን ከፍቶ ሹፌሩ ፍሬኑን አጥብቆ እንዲረግጥና ማርሹን ከዲ ወደ አር እንዲያመላልስ ያዘዋል። ራሱ ከጎን እንጂ ከፊት አይቆምም፤ ፍሬን የከዳ ዕለት ፊት ለፊት የቆመ ሰው አይተርፍም። ማርሹ በገባ ቁጥር ሞተሩ ከመቀመጫው ብድግ ይልና «ጓ» ብሎ ይወርዳል። ኤን ላይ ሲሆን ንዝረቱ ቀለል ይላል፣ ዲ ላይ በፍሬን ስትያዝ ይብሳል። በእጅ ባትሪ ወደ ታች ሲያበራ፣ ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያያይዘው የመቀመጫ ጎማ ከብረቱ ተላቆ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል።

«ሞተሩ ምንም አልሆነም። ጎማው ነው።»

ይህ ፍርድ ለሹፌሩ ኪስ እፎይታ ነው። ግን ጎማው ምን አደረገ? ምንም። አራት ሲሊንደር ያለው የተለመደ የቤንዚን ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቀጣጥላል፤ በሚኒሞ፣ በደቂቃ 750 ዙር ሲዞር፣ በሴኮንድ 25 ጊዜ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ፍንዳታ ሞተሩን ይገፋዋል፤ ከፋብሪካ በወጣበት ቀንም ይገፋው ነበር። ልዩነቱ ያኔ ጎማው ግፊቱን ውጦ ያስቀረው ነበር፣ አሁን አያስቀረውም። የሚያንቀጠቅጠው ጤነኛው ሞተር ነው፤ ጥፋተኛ የተባለው ደግሞ ሥራ ያቆመው ጎማ። ያልተደረገ ነገር እንዴት ምክንያት ይሆናል?

ጥያቄው ከመኪና በብዙ ዘመን ይቀድማል። ዛሬ አልጀሪያ በምትባለው አገር የተወለደው አውግስጢኖስ (354–430) ወጣት ሳለ የማኒን ትምህርት ይከተል ነበር። ማኒያውያን ክፋትን ራሱን የቻለ፣ ከብርሃን ጋር የሚዋጋ ኃይል ያደርጉታል። አውግስጢኖስ በኋላ ተቃራኒውን ያዘ፦ ክፋት በራሱ የቆመ ነገር አይደለም፣ መኖር የሚገባው መልካም ነገር መጉደል ነው። ከዘመናት በኋላ ኢብን ሲና (980–1037) በአረብኛ ተቀራራቢ ሐሳብ ጻፈ። ሁለቱንም ያስጨነቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ፈጣሪ መልካም ከሆነ፣ የፈጠረውም ሁሉ መልካም ከሆነ፣ ክፋት ከየት ገባ? ባሌ ላይ ይህ የአንድ ወገን ጥያቄ አይደለም። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን በእግሩ የሚጓዘው ዘያሪም፣ ጎባ ላይ ነጠላውን አጣፍቶ የሚያስቀድሰውም ልጁ ሲሞትበት ያንኑ ይጠይቃል።

ሹፌሩ ሳያውቀው የማኒ ወገን ነው ማለት ይቻላል፤ ሞተሩ ውስጥ የገባ ክፉ ነገር አለ ብሎ ያስባል፣ ተፈትሾ እንዲወጣለት ይፈልጋል። መካኒኩ ወደ አውግስጢኖስ ያደላል። «ምን ገባ?» ሳይሆን «እዚህ ቦታ ምን መኖር ነበረበት?» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ቴስታታ ያስፈታል፤ ሁለተኛው የእጅ ባትሪ ብቻ ይፈልጋል።

እዚያው ባሌ፣ ሲናና ላይ ግን ይህ ሐሳብ ከትራክተር ጋር ይጋጫል። የስንዴ ማሳ ከሚያርሱት ትራክተሮች በብዙዎቹ ላይ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላ አክሱ በቡሎን ተጋጥመው ራሳቸው ሻሲ ይሆናሉ፤ ፎርድሰን የተባለው ትራክተር እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ በሰፊው ያስለመደው አሠራር ነው። በመሃል የሚያለዝብ ጎማ የለም። ትራክተሩ አራሹን ሲያንቀጠቅጥ ይውላል፣ ማንም ግን ተበላሸ አይለውም። የጎማ አለመኖር አንዷን በሽተኛ አድርጎ ሌላውን ካልነካ፣ አለመኖር ብቻውን ጉዳት አይደለም። ቶማስ አኩዊናስ (1225–1274) ለዚህ መልስ ነበረው፤ አለማየት ለድንጋይ ክፉ አይደለም፣ ማየት ለሚገባው ፍጡር ግን ክፉ ነው። ጉድለት የሚባለው የሚገባው ሲጠፋ ነው።

«የሚገባውን» ማን ይወስናል? እዚህ ላይ የመኪና ታሪክ ከፈላስፎቹ ይልቅ ይፈታተናል። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1931 የፕሊመዝን ሞተር በጎማ ላይ አስቀምጦ «ተንሳፋፊ ኃይል» በሚል ስም ሸጠ፤ ሲትሮኤንም በዓመቱ ፈቃዱን ገዝቶ በራሱ መኪኖች ላይ አዋለው። ከዚያ በፊት ሞተርን ከሻሲ ጋር አጥብቆ ማሰር የተለመደ ነበር፣ ሹፌሩም ሲርገፈገፍ ውሎ መኪናዬ ደህና ናት ብሎ ይገባ ነበር። ጉድለቱ የመጣው ጎማው ከመጣ በኋላ ነው። ስለዚህ «ክፋት ጉድለት ነው» የሚለው ትምህርት ብቻውን አይቆምም፤ ልኩን የወሰነ ሠሪ ይፈልጋል። ለመኪና ፋብሪካው አለ። ለዓይንና ለልብ ፈጣሪ አለ የሚል አማኝ ትምህርቱን ያለ ችግር ይይዘዋል፤ ይህን የማይቀበል ሰው ግን «ይገባው ነበር» ያለውን ከየት እንዳመጣው መናገር ይኖርበታል።

ሌላም መሰናክል አለ። በውድድር መኪና ላይ ከጎማ ይልቅ ድርቅ ያለ ፖሊዩሬቴን ይገጠማል። ሞተሩን አጥብቆ ይይዛል፣ አልተሰነጠቀም፣ አልላላም፤ ንዝረቱን ግን እንዳለ ወደ ጋቢና ያስገባዋል። የባሌ ውርጭም በትንሹ ይህንኑ ያደርጋል፤ ብርድ ያደረበት ጎማ ስለሚጠጥር እስኪሞቅ ድረስ ንዝረት ያሳልፋል። ተከራካሪው «ልስላሴ ጎደለው» ሊል ይችላል። እንዲህ ከሆነ ግን ማንኛውም ትርፍ በጉድለት ስም ይጠራል፣ ቃሉም የሚለየው ነገር ያጣል። ሕመም ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። በዚህች መኪና ውሎ ወገቡን የያዘው ሰው የሚሰማው የምቾት አለመኖር አይደለም፤ የሚሰማው ሕመም ነው፣ አለ። ትምህርቱ ብልሽት ለመፈለግ ይጠቅማል፤ ለቅሶ ቤት ይዘውት ሊሄዱ ግን አይገባም።

ደግሞ የሚንቀጠቀጥ መኪና ሁሉ ጎማው ተበጥሷል ማለት አይደለም። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር ቤንዚን ይበዛበትና ሚኒሞው ይዛባል። ቆላ ሲወርድ ይተወዋል። አንድ ካንዴላ ሳይተኩስ ሲቀርም መኪና ይንዘፈዘፋል። ቸርኬው ባላንስ ያጣ መኪና ደግሞ ቆሞ ደህና ነው፣ ፍጥነት ሲጨምር ነው የሚርገበገበው። መካኒኩ እነዚህን የሚለየው አንድ ነገር ብቻ እየለወጠ ነው፤ ቆሞ ነዳጅ ይሰጣል፣ የካንዴላ ገመዶችን በየተራ ይነቅላል፣ ንዝረቱ ከምን ጋር እንደሚሄድ ያያል። ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፍ እንዲህ ያሉ መንገዶችን በስም ለይቶ አስቀምጧቸዋል። ኢዮብን ሊያጽናኑ የመጡት ሦስት ወዳጆች የዘለሉት ይህንን ነው፤ ቁስሉን አይተው ኃጢአት አለብህ አሉት፣ ጻድቅም ሊቆስል እንደሚችል አልፈተሹም።

ተበጥሶ የሚወጣው ጎማ ብዙ ጊዜ ዘይት ጠጥቶ አብጦ ይገኛል። እዚህ ላይ ጉድለቱን ያመጣው ያለቦታው የተገኘ ነገር ነው። ዘይቱን ያፈሰሰው ከበላዩ ያለው ደርቆ የተሰነጠቀ ጓርኒሲዮን ነው፤ እንደገና ጉድለት። ጓርኒሲዮኑን ያደረቀው የዓመታት ሙቀት ነው፤ እንደገና ያለ ነገር። ፈላስፋ ሰንሰለቱን እስከ መጀመሪያው ምክንያት ይጎትተዋል። መካኒኩ እጁ የሚደርሰው ጓርኒሲዮኑ ድረስ ስለሆነ እዚያ ያቆማል፤ «እሱ ካልተቀየረ አዲሱም ጎማ ይበላል» ይላል። ሹፌሩ የመጣው ለንዝረቱ እንጂ ለዘይቱ አይደለም፤ የጓርኒሲዮኑ ሂሳብ ለምን እንደሚጨመርበት ይጠይቃል፣ ክርክሩም እንደ አዲስ ይጀመራል።