ዕለታዊ የቅዱስ መጽሐፍ ንባብና መንፈሳዊ ብስለት

ቅዱስ መጽሐፍን በየዕለቱ የሚያነብ ክርስቲያን በመንፈሳዊ ሕይወቱ እየበሰለ ይሄዳል ብለን እናስተምራለን። ትምህርቱ ትክክለኛ ነው። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት ያነበበ፣ ጥቅሱን ከነምዕራፉና ከነቁጥሩ በቃሉ የሚጠራ ሰው ቂሙን እንደ ቋጠረ የሚኖርበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በመሬት ድንበር የተቀያየሙ ሁለት ካቴኪስቶች በአንድ ጸሎት ቤት ሲያስተምሩ ማየት ለቆሞሶች እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከእኛ ከካህናቱም መካከል ቢሆን ሰላምታ የተነፋፈጉ አይጠፉም። እንግዲህ ንባቡ ሳይቋረጥ ዕድገቱ ስለ ምን ይቆማል?

ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት ይህንኑ ነገር የሚያነሣው በወቀሳ መልክ ነው (ዕብ 5፡11-14)። ክርስትናን ከተቀበሉ ብዙ ጊዜ ስለ ሆናቸው ለሌሎች መምህራን መሆን ይገባቸው የነበሩ ሰዎች ገና እንደ ሕፃን ወተት መፈለጋቸው ጸሐፊውን አሳዝኖታል። የበሰለውን ሰው ሲገልጽልን ግን የዕውቀቱን ብዛት አይቆጥርም፤ በጎውን ከክፉው ለመለየት በልምምድ የሠለጠነ ኅሊና ያለው መሆኑን ይናገራል። ገበሬ የመሬቱን ጠባይ ደጋግሞ በማረስ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ኅሊናም የሚሠለጥነው ለቃሉ ደጋግሞ በመታዘዝ ነው። የታዘዝንበት ቀን ከሌለ፣ ያነበብንበት ቀን ቢበዛም ከወተት አንወጣም።

ንጉሥ ዳዊት ሕጉን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ነቢዩ ናታን መጥቶ ብዙ መንጋ ያለው ባለጠጋ የድኻውን አንዲት ግልገል ቀምቶ ለእንግዳው እንዳረዳት ሲነግረው፣ ዳዊት በቁጣ ነድዶ ወዲያው ፈረደ (2ሳሙ 12)። ካሣው አራት እጥፍ ይሁን ማለቱም በኦሪት ዘጸአት ስለ ተሰረቀ በግ ከተደነገገው ጋር የሚስማማ ነው። ፍርዱ ትክክል፣ ቁጣውም የጽድቅ ቁጣ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታሪኩ የሌላ ሰው መስሎታል። የኦርዮንን ሚስት የወሰደ፣ ኦርዮንንም ያስገደለ እጁን እያየ፣ ስለ ራሱ እየተነገረ መሆኑን አላስተዋለም።

አብዛኛው ንባባችን እንዲህ ነው። ስለ ፈሪሳውያን ስናነብ ጎረቤታችን ይታየናል፤ ስለ ባለጠጋውና ስለ አልዓዛር ስናነብ የከተማውን ሀብታም እናስታውሳለን። የሚያስተምር ሰው ፈተና ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ መጽሐፉን የሚከፍተው ለሌላ ሰው ነውና። እኛ ካህናት ይህን እናውቀዋለን። ቅዳሜ ማታ የእሑዱን ወንጌል ስንከፍት በዓይነ ኅሊናችን የሚመጡት የምእመናኑ ፊቶች ናቸው፤ ይህ ለእነ እገሌ ይስማማል እያልን እናዘጋጃለን። ስብከቱ ያምር ይሆናል። ለእኛ የተነገረውን ግን ሳንሰማ መብራቱን አጥፍተን እንተኛለን። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ድንጋጌ (ቁ. 25) ካህናትን፣ ዲያቆናትንና ካቴኪስቶችን በተለይ ለይቶ ቅዱሳት መጻሕፍትን ሳያቋርጡ እንዲያነቡ ሲያሳስብ፣ በውስጡ ሳያደምጥ በአፉ ስለሚሰብክ ሰው ቅዱስ አውግስጢኖስ የሰጠውን ማስጠንቀቂያ የጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

በሀገራችን የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ሕይወት እንመልከት። እኚህ የጎጃም ተወላጅ መነኵሴ በዘመናቸው በሊቅነታቸው የተከበሩ ነበሩ። እውነትን ፍለጋ መጻሕፍትን ሲመረምሩ ብዙ ዓመታት አሳልፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1841 ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ እኛ አቡነ ያዕቆብ ከምንላቸው ጋር፣ እስከ ሮማ ድረስ ተጉዘዋል። ወደ ካቶሊካዊት ቤተክርስቲያን የገቡት እ.ኤ.አ. በ1844፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ነው። በ1855 በእስር ሳሉ በሰንሰለት ታስረው ዐረፉ፤ በ1926 ብፅዕናቸው ታወጀ። እዚህ የምናነሣው የዚያን ዘመን የሃይማኖት ክርክር አይደለም፤ እርሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። የሚያስደንቀን፣ ሊቅ ተብሎ በተከበረበት ዕድሜ አንድ ሰው እንደገና ተማሪ ለመሆን መፍቀዱ ነው። ያነበቡት ነገር ክብራቸውን፣ ወዳጆቻቸውን፣ በመጨረሻም ሕይወታቸውን ሲጠይቃቸው መጽሐፉን አላጠፉም።

በየዕለቱ ምን ያህል እናንብብ? ጥቂት ይበቃል። በግዕዝ ሥርዓት የምንገለገል በቅዳሴ ከቅዱስ ጳውሎስ፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ከግብረ ሐዋርያትና ከወንጌል ይነበብልናል፤ ከነዚህ አንዱን ይዞ ሳምንቱን በእርሱ ላይ መቆየት ይቻላል። በላቲን ሥርዓት የሚገለገሉትም ለየዕለቱ የተመደበ ንባብ አላቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2019 የእግዚአብሔር ቃል እሑድ እንዲከበር ወስነዋል፤ መልካም ነው፤ በዚያ እሑድ በዕጣን ያከበርነውን መጽሐፍ ሰኞ በሣጥን ብንቆልፍበት ግን ምን ይጠቅማል? ያልገባንን መጠየቅም አንፈር። በሠረገላው ላይ ነቢዩ ኢሳይያስን ያነብ የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ባለሥልጣን ሳለ አስተማሪ እንደሚያስፈልገው ለፊልጶስ ሳይሸሽግ ነግሮታል፤ ነቢዩ ስለ ማን እንደሚናገርም ጠይቋል (ሐዋ 8፡26-35)። ፊልጶስ የመለሰለት ስለ ክርስቶስ ነው። እኛም አስቀድመን ክርስቶስን እንፈልግ፤ ራሳችንን ከዚያ በኋላ፣ በእርሱ ፊት ቆመን እናገኘዋለን። ያለዚያ ንባቡ ራስን ወደ መቆዘሚያነት ይለወጣል፤ ይህም ሌላ ዓይነት ሕፃንነት ነው።

እንበልና ዛሬ ጧት የደረስንበት ክፍል፣ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ ከወንድሙ ጋር ለመታረቅ እንዲሄድ ስለ ታዘዘው ሰው ነው (ማቴ 5፡23-24)። ይህን ለልጆች ስንት ጊዜ አስተምረነዋል! በድንበር የተጣላነው ወንድማችን ቤት ደግሞ ከጸሎት ቤቱ ብዙ አይርቅም። በዚያች ጧት ሁለተኛ ምዕራፍ መጨመር አያስፈልገንም፤ መጽሐፉን ዘግተን፣ ጋቢያችንን ለብሰን እንነሣ። ምናልባት በሩ አይከፈትልን ይሆናል። ምናልባትም ሽማግሌ ይዘን ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ መመለስ ይኖርብናል። የቀረው ክፍል በማግሥቱ ይነበባል።