ፋይሉን ለሚከፍተው እንግዳ ጻፊ

ልጄ፣ አዲሱ ሥራሽ ደብዳቤ ማርቀቅ የበዛበት መሆኑን ሰማሁ። እኔም ዕድሜዬን በመዝገብ ቤትና በአስተዳደር ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝና ያየሁትን ልንገርሽ። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የሚወርሰው ግን ብዙ ጊዜ አንቺን አይቶሽ የማያውቅ ሰው ነው። ዛሬ በስልክ የተግባባሽው ኃላፊ ነገ ይዛወራል፤ በቦታው የሚተካው ሰው የሚያገኘው ፋይሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ደብዳቤሽን ነገሩን ጨርሶ ለማያውቅ አንባቢ ጻፊ። የቀረው ምክሬ ከዚህ የሚወጣ ነው።

ከአድራሻው እንጀምር። ደብዳቤው በሰው ስም ሳይሆን በሥራ ክፍሉ ስም ይጻፍ። «ለአቶ እገሌ» ብለሽ የላክሽው፣ አቶ እገሌ የዓመት ፈቃድ ሲወጡ ሳይከፈት ጠረጴዛቸው ላይ ይከርማል። «ለግዥና ፋይናንስ ክፍል» ያልሽውን ግን ተወካያቸውም ይከፍተዋል።

«ጉዳዩ» የሚለውን መስመር አትናቂው። ደብዳቤሽን መጀመሪያ የምታየው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት። በየትኛው ፋይል እንደሚገባና ወደ ማን እንደሚሄድ የምትለየው ያንን መስመር አይታ ነው። «ጉዳዩ፡- ትብብር ስለመጠየቅ» ብትያት ምኑን ትያዘው? ትብብር የማይጠይቅ ማን አለ! «ጉዳዩ፡- የቢሮ ኪራይ ውል ለአንድ ዓመት እንዲታደስ ስለመጠየቅ» በያት፤ ወዲያው ታውቀዋለች። ለአንድ ጉዳይም አንድ ደብዳቤ ይሁን። ሁለት ክፍሎችን የሚመለከት ነገር በአንድ ወረቀት ከላክሽ፣ ወረቀቱ ወደ አንደኛው ይሄድና ሌላው ጉዳይሽ ተረስቶ ይቀራል።

ቀደም ሲል የተጻጻፋችሁት ካለ ቁጥሩንና ቀኑን ጥቀሺ፤ «ቀደም ሲል በገለጽነው መሠረት» ማለት ብቻውን አይበቃም። አባሪ ካለው ስንት ገጽ እንደሆነ ጻፊ፤ በመንገድ የወደቀ ገጽ ቢኖር የሚታወቀው ያኔ ነው።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። በቢሮአችን ደብዳቤዎች መጨረሻ ላይ የማይጠፋ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» አክብሮቱ መልካም ነው፤ ግን ምን ይደረግ? ማን ያድርገው? እስከ መቼ? ኃላፊው ይህን አንብበው ጠርዙ ላይ «አስተያየት ይቅረብበት» ብለው ይመሩታል፤ ከዚያ ወረቀቱ ከክፍል ክፍል ይዞራል። በምትኩ «የዕቃ ርክክቡ ኅዳር 12 ቀን ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ስለሚካሄድ፣ ንብረት ክፍላችሁ አንድ ተረካቢ ወክሎ ከዚያ ቀን በፊት ስሙን በጽሑፍ እንዲያሳውቀን እንጠይቃለን» በዪ። ይህን ያነበበ ኃላፊ የሚጽፈው የሚወክለውን ሰው ስም ብቻ ነው። «ተወስኗል» ስትዪም ማን እንደወሰነ ጨምሪ።

ከውጭ አገር ድርጅት ጋር ስትጻጻፊ ለቀን ተጠንቀቂ። 12/03/2017 ለእኛ ኅዳር 12 ነው፤ ለአንዱ ፈረንጅ ማርች 12፣ ለሌላው ዲሴምበር 3፣ ለሁለቱም ከዓመታት በፊት ያለፈ ቀን ነው። ወሩን በስሙ ጻፊና «ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 2024)» ብለሽ ሁለቱንም አስቀምጪ። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ለእነሱ 9 ሰዓት መሆኑንም አትርሺ። ገንዘብ ከሆነ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፦ ብር 45,000 (አርባ አምስት ሺህ ብር)።

ይህን ሁሉ ማጥበቄ ያለ ነገር አይደለም። ፋይሉን የሚከፍተው እንግዳ አንድ ቀን ዳኛ ሊሆን ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772፣ ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን በመጀመሪያ ለሌላው ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሥራ ውል ማቋረጫ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን እንዲገልጽ ያዛል። እንግዲህ ዕቃ ያዘገየ አቅራቢ ቢያናድድሽ «ቃለ አባይ ናችሁ» ብለሽ አትጻፊ። ዳኛው የሚፈልጉት በየትኛው ውል፣ ምን ያህል ዕቃ፣ በየትኛው ቀን ሊቀርብ እንደነበር፣ ምን ያህሉ እንደቀረበና ለቀሪው የሰጠሽውን የጊዜ ገደብ ነው። ስድቡ ከእነዚህ አንዱንም አያስረዳም፤ ይልቁንም በአንቺ ላይ ይነበባል።

ግልባጭ ሲበዛ ያጣላል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለተቀባዩ ኃላፊ አለቃ ግልባጭ ካደረግሽ፣ ጥያቄሽ ክስ ሆኖ ይደርሳቸዋል። መልስ ሲጠፋ በሁለተኛው አድርጊው፤ ያኔ አግባብ አለው።

ደብዳቤው ተፈርሞ ማኅተም ካረፈበት በኋላም ሥራሽ አላለቀም። መዝገብ ቤት ስታስገቢ በአንቺ ቀሪ ላይ ተቀባዩ ቀን ጽፎ እንዲፈርም አድርጊ፤ የገቢ ቁጥሩንም ያዢ። በኋላ «አልደረሰንም» ቢሉሽ የምታሳዪያቸው እሱን ነው። በቴሌግራም ፎቶውን መላክ ለፍጥነት ይረዳል፤ ዋናውን ማስገባት ግን አይቅር።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ረቂቁን ለፊርማ ከማቅረብሽ በፊት ከሌላ ክፍል ላለች ባልደረባሽ ስጪያትና «ይህ ደብዳቤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ያድርግ ይላል?» ብለሽ ጠይቂያት። ሦስቱንም ሳታመነታ ከነገረችሽ ወጪ ይሁን፤ አንቺን መልሳ ከጠየቀችሽ ግን ያስረዳሻትን ቃል ወረቀቱ ላይ አስፍሪው።