ምክር፣ ቡናና አራቱ ከተሞች

ቢስሚላሂ አርረሕማን አርረሒም



በኡሑድ ዘመቻ ዋዜማ የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ዝንባሌ መዲና ውስጥ ሆኖ መከላከል ነበር። ብዙዎቹ ሶሐቦች ግን ወጥተን እንግጠም አሉ፤ እርሳቸውም ሐሳባቸውን ተቀብለው ወጡ። 70 ያህል ሸሂድ ሆኑ። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በኣሊ ዒምራን ምዕራፍ፣ በ159ኛው አንቀጽ፣ አላህ (ሱ.ወ.) ነቢዩን ከእንግዲህ ብቻህን ወስን አላላቸውም፤ ይቅር እንዲሏቸውና በነገሩ እንዲያማክሯቸው አዘዛቸው። ሰው ተሳሳተ ተብሎ ምክሩ አይነጠቅም ማለት ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሚዛን ተፈሪና ስለ ቴፒ ቡና ለመናገር ነው። በ2001 ዓ.ም. የቡና ግብይት በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲያልፍ ሲደረግ ዓላማው መልካም ነበር፤ ዋጋ በግልጽ እንዲታወቅ፣ ክፍያም እንዳይጓተት። ነገር ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ከሌላው ጋር ሲቀላቀል የማን ማሳ ፍሬ እንደሆነ ጠፋ። ቀዩን ብቻ መርጦ የለቀመ ገበሬ ልፋቱ በስሙ የሚታወቅበት መንገድ አልነበረውም። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 ነው በሩን መልሶ የከፈተው። ስምንት ዓመት! ገበሬው ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ይህን ያህል ባልፈጀ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የአስተዳደሩም ነገር እንዲሁ ነበር። የክልል ውሳኔ የሚሻ ባለጉዳይ ከሚዛን ተነስቶ ሐዋሳ ድረስ ይጓዝ ነበር። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት፣ መቀመጫው ለአንድ ከተማ አልተሰጠም፤ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫ ተካፈሉት። ወጪና እንግልት ነው የሚሉ አሉ። ሐሰት አይደለም። እኔ የምፈራው ግን ሌላ ነው፤ ቢሮው አራት ቦታ ተከፍሎ ውሳኔው አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዳይቀር።

ሙዓዝ ኢብን ጀበል (ረ.ዐ.) ወደ የመን ሲላኩ፣ ዘካው ከሀብታሞቻቸው ተወስዶ ለድሆቻቸው እንዲመለስ ታዘዋል። ብዙ ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው ዘካ በተሰበሰበበት አገር ይከፋፈል ብለው አስተምረዋል። ቡናው የሚወጣበት ቀበሌ መንገድና ውሃ ሲጠይቅ ምጽዋት እየለመነ አይደለም።

መንግሥትን ብቻ መውቀስ ደግሞ ይቀላል። ማኅተሙ በአንድ ሰው ኪስ፣ መዝገቡም በዚያው ሰው ቤት ያለበት የመስጊድ ኮሚቴ ስንት ነው? በመጪው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ሒሳቡ በጀመዓው ፊት ይነበብልን ብሎ ለመጠየቅ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም።