የማይለቅ ቀለም

ስለ ኪነ ጥበብ ውይይት በተነሣ ቁጥር ይዘትና ቅርጽ የሚሉት ሁለት ቃላት መድረኩን ይዘው ይቆያሉ። ሥዕሉ ያረፈበት ጨርቅና የተሣለበት ቀለም ግን የሚታወሱት ከስንት አንዴ ነው። እኔንም ያስታወሰኝ አንድ ከነቴራ ነው።

ከዓመታት በፊት ደብረ ማርቆስ ውስጥ በእጅ የተሣለ ከነቴራ ገዝቼ ለእኅቴ ልጅ ለእንቁጣጣሽ ሰጠሁት። ደረቱ ላይ አደይ አበባ ተሥሎበታል፤ ሥዕሉም የሚናቅ አልነበረም። «ቀለሙ ይለቃል ወይ?» ብዬ ስጠይቅ ሠዓሊው «ኧረ በፍጹም!» አለኝ። በመጀመሪያው አጠባ ቢጫው ተገፎ አብሮት የተዘፈዘፈውን የእኅቴን ነጠላ አበላሸው። ልጁ ለዚያ ዓመት ሌላ አዲስ ልብስ አልነበረውም። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሥዕሉ ውብ ስለ ነበረ ሠዓሊው ዕዳውን ከፍሏል ማለት ይቻላልን?

ይቻላል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። የሠዓሊ ተግባር መሣል ነው፤ አጠባው የባለቤቱ ጉዳይ ነው ባዮች ናቸው። እኔ ግን እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ የጎጃም ገዳማት ሲሠሩ የኖሩትን የብራና ጸሐፊዎች አስባለሁ። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቃጠለ እህልና ከቅጠል አዋሕደው ለወራት ያብላሉታል። ጥላሸት ካርቦን በመሆኑ ብርሃን አያደበዝዘውም። ያንኑ ቀለም በውኃና በሳሙና ቢያሹት ግን ይለቃል። ይሁንና ጸሐፊውን ማንም አይወቅሰውም፤ መጽሐፍ በማኅደር ይኖራል እንጂ አይታጠብም። ጸሐፊው የሥራውን ዕድሜና አኗኗር ያውቃል። የከነቴራ አኗኗር ደግሞ ላብ፣ ሳሙናና ፀሐይ ነው።

ይህን የሚያውቅ ሠዓሊ አስቀድሞ ጨርቁን አጥቦ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ማጠንከሪያ ያስለቅቃል። የበር ቀለም ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅ ለጨርቅ የተዘጋጀ አክሪሊክ ይመርጣል። ከሣለ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ያደርቀዋል፤ ከዚያም ጥጡን ገልብጦ ያለ እንፋሎት በጋለ ካውያ ለደቂቃዎች ይተኩሰዋል። በቀለሙ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች በሙቀቱ እርስ በርስ ተዋሕደው ክሩን የሚጨብጡት ያኔ ነው። በፈላ ውኃ መንከር ይህን አይተካም፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደብረ ማርቆስ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ቀለሙ የሚሻው ግን ወደ 150 ዲግሪ የሚጠጋ ደረቅ ሙቀት ነው። (ቀለም የሚለው ቃል ለትምህርትም ማገልገሉ ደስ ይለኛል፤ ጎበዝ ተማሪ ቀለም ይገባዋል እንላለን፤ ተቀባ አንልም።)

ችግሩ ትእዛዝ የሚበዛው በጳጉሜን መሆኑ ነው። ደመናው ገና አልተገፈፈም፤ ጨርቁ በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ከሰሉም ኤሌክትሪኩም ገንዘብ ይጠይቃል። የተተኮሰውና ያልተተኮሰው ሥዕል ደግሞ በሽያጩ ዕለት አንድ ይመስላሉ። ገዢው በዓይኑ ሊለየው ስለማይችል የሠዓሊው ቃል ከሥራው አንዱ ክፍል ይሆናል። ለአንድ ቀን ሰልፍ ብቻ የሚለበስ ከሆነ «ይህ አይታጠብም» ብሎ በርካሽ ቢሸጥ ነውር የለበትም። እኔን የጎዳኝ ቢጫው ቀለም አይደለም፤ «በፍጹም» የምትለው ቃል ናት።

ከዚያ ወዲህ ከነቴራ ስገዛ ነጭ መሐረቤን በውኃ ነክሬ የሥዕሉን ጠርዝ አሻለሁ። አንዳንዱ ሠዓሊ ይቀየመኛል። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ወጣት መሐረቡን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ አሸው፤ አይቶም ከነቴራውን ወደ ካውያው መለሰው።