ስለ ማዕድ ዝምታ

«በገበታ ላይ ዝም ማለት ይሻላል ወይስ መጫወት?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ቢኖር፥ አስቀድሞ ዝምታ ሁለት ዓይነት መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

አንደኛው የአክብሮት ዝምታ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር የአንድነት ገዳም ሥርዓት የሠራው አባ ጳኩሚስ፥ መነኮሳቱ በማዕድ ጊዜ እንዳይነጋገሩ፥ አንዱም የሌላውን አበላል እንዳይመለከት አዝዞ ነበር። በአገራችንም ልጆች በታላላቆች ፊት ሲበሉ ዝም እንዲሉ ይመከሩ ነበር። ይህ ዝምታ ግን ሰውን ከሰው አልለየም፤ ሁሉም አንዱን ማዕድ ይካፈል ነበርና።

መሶብም ራሱ አስተማሪ ነው። ከአንድ መሶብ የሚበላ ሰው ከፊቱ ይቆርሳል እንጂ ወደ ሌላው ፊት እጁን አይሰድም፤ ወጡ ሲያንስ እጁን ይሰበስባል፤ ወዳጁን ያጎርሳል። ምላስ ዝም ቢል እጅ ይናገራል። ሳህኑ ለየብቻ ሲሆን ግን የሚያገናኘን ጨዋታና መተያየት ብቻ ነው።

ሁለተኛው የቸልታ ዝምታ ነው። ዛሬ በኮልፌ ቀራንዮ፥ ከአየር ጤና ወይም ከቤተል ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ብንገባ፥ ጓደኛሞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዱ ስልኩን ሲመለከት እናገኛለን። ከመካከላቸው ገንዘብ ያጣው «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ቃሉን ብቻ የሰማ ያምነዋል፤ ፊቱን ያየ ግን እውነቱን ያውቃል።

በዚያው ቤት ጥግ ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ ብቻውን ሽሮውን ይበላል። የማያውቀው ሰው ከአጠገቡ ሲቀመጥ «እንብላ» ይለዋል፤ ያም «ይባረክ» ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዝም ይላሉ። «ይህ ባዶ ልማድ ነው፤ እሺ ብሎ የሚቀርብ የለም» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፥ ብዙ ጊዜ የሚቀርብ የለም። ነገር ግን ይህን ቃል የተናገረ ሰው፥ የተራበ ቢቀርብ እምቢ እንዳይል ራሱን በቃሉ አስሯል። ስለዚህ ብቻውን ቢበላም ብቸኛ አይደለም።

ጨዋታም ቢሆን ብቻውን የፍቅር ምልክት አይሆንም፤ ይሁዳም ከጌታው ማዕድ ተቀምጦ ነበር።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፥ ደክሞህ በዝምታ መብላት ብትወድ የሚነቅፍህ የለም። ነገር ግን ከመጉረስህ በፊት ቀና ብለህ ከፊትህ ያለውን ሰው ተመልከት፤ «በልቻለሁ» ቢልህም አንድ ጊዜ ደግመህ «እንብላ» በለው።