ብርድ ከየት ይገባል?

አማርኛ ለብርድ እጅና እግር ሰጥቶታል። ብርድ ይመታል፣ ይገባል፣ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ «በሩን ዝጋው፣ ብርድ እንዳይገባ» ሲባል ደጅ ቆሞ አጋጣሚ የሚጠብቅ አንድ አካል ያለ ይመስላል። ከአንኮበር ጋቢውን ተከናንቦ ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ የሚወርድ መንገደኛም አጋማሹ ላይ ሲደርስ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና «ብርዱ ለቀቀኝ» ይላል፤ ይዞት የነበረው ጠላት እዚያው ደጋው ላይ የቀረ ያህል። ቋንቋው የሚሰማንን በትክክል ተናግሯል። የሚሰማንና ያለው ግን አንድ አይደሉም። ያለው ሙቀት ነው፤ ብርድ ሙቀት ሲጎድል ለጉድለቱ ያወጣንለት ስም ነው። ለዚህም ነው ቅዝቃዜ ወለል ያለው፦ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ የሚወሰድ ሙቀት ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ መቀዝቀዝ የለም። ብርድ ራሱን የቻለ ነገር ቢሆን ኖሮ በላዩ ላይ ሌላ ብርድ እየጨመሩ መሄድ በተቻለ ነበር።

ይህን ከፈላስፋው ይልቅ የፍሪጅ ጠጋኙ እጅ ያውቀዋል። ፍሪጅ ብርድ የሚያመርት ሣጥን አይደለም። በቀጫጭን ቱቦዎቹ ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ከወተቱ፣ ከሥጋውና ከቲማቲሙ ሙቀት ይወስዳል፤ ኮምፕረሰሩ ጋዙን ያምቀዋል፤ የታመቀውና የጋለው ጋዝ ከጀርባ ባለው ፍርግርግ ሲያልፍ የወሰደውን ሙቀት ለወጥ ቤቱ አየር ያስረክብና ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ሥራው በሙሉ ሸክም ማመላለስ ነው። የተወሰደው ሙቀት አልጠፋም፤ ኮምፕረሰሩ ከበላው ኤሌክትሪክ ጋር ተደምሮ ከጀርባ ወጥቷል። ቤቱን ለማቀዝቀዝ ብሎ የፍሪጁን በር ከፍቶ የሚተው ሰው ቤቱን የሚያሞቀው ለዚህ ነው። አንድ ዓይነት ፍሪጅ ደብረ ብርሃን ላይ እያረፈ ሲሠራ ወርዶ ቆላ ሲገባ ትንፋሽ የሚያጥረውም ለዚሁ ነው፤ ሸክሙን የሚያራግፍበት አየር ራሱ ሞቃት ነውና።

እንግዲህ ጥያቄው ከወጥ ቤት ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ ይሄዳል። ክፋት ነገር ነው ወይስ የነገር ጉድለት? የሃይማኖት መሥራቹ የማኒ ተከታዮች ብርሃንና ጨለማ፣ ደግና ክፉ፣ ሁለት ዘላለማዊ ባሕርያት ናቸው ብለው ያስተምሩ ነበር፤ በኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው አውግስጢኖስም ዘጠኝ ዓመት ያህል ከእነሱ ጋር ከቆየ በኋላ ነው ክፋት የራሱ ህላዌ የለውም ወደሚለው የደረሰው። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀድስባቸው ቅዳሴዎች አንዱ በስሙ የሚጠራለት አባት፣ እግዚአብሔር የክፋት ምንጭ እንዳልሆነ ባስረዳበት ስብከቱ ክፋትን በዕውርነት መሰለው፦ የተፈጠረው ዓይን ነው፣ ዕውርነት የዓይን መጥፋት ነው። ከባስልዮስ 600 ዓመት ገደማ በኋላ ሙስሊሙ ፈላስፋና ሐኪም ኢብን ሲናም ይህንኑ ምሳሌ አንሥቶ ክፋትን መገኘት የሚገባው ነገር አለመገኘት ነው አለ። «ሰይጣንሳ?» የሚል ቢኖር መልሱ በሁለቱም ሃይማኖት ውስጥ አለ። ሳጥናኤል ሲፈጠር ክፉ አልነበረም፤ ኢብሊስም ፍጡር ነው። አንዱም ወገን ከጥንት ጀምሮ ክፉ ሆኖ የኖረ ባሕርይ አለ አይልም። የወደቀው ከነበረበት ነው የወደቀው።

ትምህርቱ እውነት መሆኑን ጥገናው ራሱ ይመሰክራል። ፍሪጅ አላቀዘቅዝ ሲል ጠጋኝ የሚፈልገው ወደ ውስጥ የገባ ክፉ ነገር አይደለም፤ የጎደለውን ነው። መጀመሪያ የውስጥ አምፖሉን ያያል። ካልበራ መብራቱ ሄዷል ወይም ሶኬቱ ላልቷል። አምፖሉ በርቶ ሞተሩ ዝም ካለ ጥርጣሬው ወደ ቴርሞስታቱ ይሄዳል። ሞተሩ «እምም» ብሎ ጠቅ እያለ የሚቆም ከሆነ ማስነሻው ደክሟል፣ ወይም ከመስመሩ የሚመጣው ኃይል አንሷል። ሞተሩ ሳያርፍ እየሠራ ዕቃው የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ የበሩ ጎማ ይመረመራል፤ የብር ኖት በሩ ላይ አድርገው ሲዘጉት ኖቱ ያለ ምንም ተቃውሞ ከወጣ ጎማው መያዝ አቁሟል ማለት ነው። የኃይል ማጣት፣ የትእዛዝ ማጣት፣ የመጋጠም ማጣት፦ ሁሉም ማጣት ነው። ከሁሉም የሚገርመው ግን «ጋዝ አለቀበት» የሚባለው ነው። ብዙ ሰው የፍሪጅን ጋዝ እንደ ቡታጋዝ እየነደደ የሚያልቅ ነዳጅ ያደርገዋል። ጋዙ ግን በተበየደ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነው፤ ቱቦው ደህና ከሆነ 20 ዓመትም ቢሠራ አይቀንስም። ከቀነሰ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳ ደግሞ ምንድን ነው? መዳብ መኖር ሲገባው ያልኖረበት ቦታ። በሚዛን ቢሰፈር አይገኝም፤ ሙሉውን ማሽን ግን ከሥራ ያወጣዋል። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ የሚሞላ ባለሙያ፣ ገንዘቡንም ተቀብሎ የሚሄድ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ይጠራል፤ አንዳንዱም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ሁለቱ አመለካከቶች በብልሽት አያያዝ ላይ የሚያመጡትም ልዩነት ቀላል አይደለም። ጥፋትን እንደ ነገር የሚያይ ሰው ሊያስወጣው ይታገላል፦ ፍሪጁን በጥፊ ይመታል፣ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ቁጥር ያዞራል። ቁልፉ ግን ሞተሩ የሚያርፍበትን ጊዜ ይወስናል እንጂ ብርድ አይጨምርም፤ በረዶ የጋገረ ፍሪጅ ላይ ቁጥሩን መጨመር እንዲያውም በረዶውን ያወፍራል። ልጅን፣ ሠራተኛን፣ ጎረቤትን «ክፋት ገብቶበታል» ብሎ ድምፅን ከፍ ማድረግ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ሁሉ ብልሽት ጉድለት አይደለም፤ ትርፍም ያበላሻል። በፍሪዘሩ ግድግዳ ላይ የጋገረው በረዶ፣ ከጀርባው ፍርግርግ ላይ የተጋገረው አቧራና የወጥ ቅባት፣ የአየሩን መውጫ እስኪደፍን የታጨቀው ዕቃ፣ ሁሉም «ያሉ» ነገሮች ናቸው። እውነት ነው። ነገር ግን በረዶ በራሱ ምን ጥፋት አለው? ውኃ ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ ቢሆን እሰየው ይባላል። ጥፋቱ ሙቀት ማለፍ ያለበትን መንገድ መዝጋቱ ነው፤ የጎደለው ሥርዓቱ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱም ሶኬቱን ነቅሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ በረዶው በራሱ ጊዜ እስኪቀልጥ መታገሥ ነው። በረዶውን እንደ ጠላት በቢላ የሚፈነቅል ሰው ቱቦውን ይበሳና ቀድሞ ያልነበረ ቀዳዳ ይፈጥራል። ክፋትን ሊያጠፉ ተነሥተው ደጉን የበሱ ሰዎች ታሪክ በየአገሩ የተትረፈረፈ ስለሆነ አልዘረዝረውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሳይንስ ጓዳ የወጣ ነው፤ ለእኔም ከሁሉ ይጥመኛል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጄኔቫው ማርክ ኦገስት ፒክቴ ሁለት ጎድጓዳ መስታወቶችን ፊት ለፊት አቆመ፤ በአንደኛው ትኩረት ነጥብ ላይ ቴርሞሜትር፣ በሌላው ላይ በረዶ የሞላ ብልቃጥ አደረገ። ቴርሞሜትሩ ወዲያው ወረደ። ብርድ እንደ ብርሃን ተንጸባርቆ የተጓዘ መሰለ! ብርድ የራሱ ጨረር አለው ብለው የተከራከሩ ትልልቅ ሰዎችም ነበሩ። መልሱን የሰጠው የዚያው ከተማ ሰው ፒየር ፕሬቮ ነው፦ ማንኛውም አካል ሙቀት ይሰጣል፣ ይቀበላልም፤ ቴርሞሜትሩ የቀዘቀዘው ከበረዶው የመጣ ነገር ስለመታው ሳይሆን የሰጠውን ያህል የሚመልስለት ስላጣ ነው። የሰው ክፋት ሲመታን የሚሰማንም ብዙ ጊዜ ይህ ይመስለኛል። ሰላምታ ሰጥቶ አጸፋ ያጣ ሰው በአንድ ነገር የተመታ ያህል ያመዋል፤ የመታው ነገር ግን አይገኝም።

ሦስተኛው ተቃውሞ በቀላሉ አይመለስም፤ የሚመጣውም ከአሊዩ አምባ ነው። ዛሬ በአንኮበር ወረዳ ያለችው ይህች ትንሽ ከተማ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ የሸዋ ዋና የንግድ በር ነበረች። አርጎባው፣ ሐረሬው፣ አፋሩና የደጋው ገበሬ እዚህ ይገናኙ ነበር፤ ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን እዚያው ከርሞ በ1844 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ኑሮዋን ጽፏል። ወደ ታጁራ ወደብ በሚወርደው መንገድ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይጫን ነበር። ሰውም ይነዳ ነበር፤ ከደቡብና ከምዕራብ የተነጠቁ ወጣቶችና ሕፃናት በባርነት ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር። ተቃዋሚው እንዲህ ሊል ይችላል፦ እዚህ ምን ጎደለ? ነጋዴው አለ፣ መሪው አለ፣ ቀረጡ አለ፣ ገዢው አለ፤ ሁሉም በየቦታው ሆኖ እንደ ደህና ማሽን ይሠራል። ይህን «ጉድለት» ብሎ መጥራት በሰንሰለት ለታሰረችው ልጅ ስድብ አይሆንም?

ስድብ የሚሆነው ጉድለት ማለት «ምንም» ማለት ነው ያልን እንደሆነ ነው። ፍሪጁ ግን ሌላ ያስተምራል። ውስጡ የቀዘቀዘው ሙቀቱ ተወስዶ ነው፤ የወሰደ አለ፣ የተወሰደበት መንገድ አለ፣ የተራገፈበት ቦታ አለ። ቅዝቃዜው ህላዌ ስለሌለው ያለ ምክንያት መጣ አይባልም። የባሪያ ንግድም እንዲሁ ነው። የአንዲት ልጅ ስም፣ ቋንቋ፣ እናትና አገር ከእሷ ተወስደው በሌላው ቤት ምቾት፣ በነጋዴው ኪስ፣ በቀረጥ ሰብሳቢው ሣጥን ሙቀት ሆነው ወጥተዋል። ፊት ለፊት ለቆመው ሰው ማሽኑ ደህና ነበር፤ ወደ ጀርባው ዞሮ እጁን ያስጠጋ ግን ግለቱ ያቃጥለዋል። እንዲያውም ክፋትን ራሱን የቻለ ባሕርይ ማድረግ ለነጋዴው ይመቸዋል፤ «ዘመኑ ክፉ ነበር» ብሎ ያልፋላ! ክፋት ጉድለት ነው ያለ ሰው ግን ጥያቄው አይቆምለትም፦ ከማን ጎደለ? ወዴት ሄደ? በማን እጅ? ባስልዮስም ሆነ ኢብን ሲና የፈጣሪን ስም ከክፋት ለማንጻት ነው የተከራከሩት፤ ክርክራቸው ግን ሰውን በዚያው መጠን ተጠያቂ ያደርገዋል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ለእሱ መልስ አለኝ አልልም። ቀዳዳው ተበይዶ ጋዝ ቢሞላም የሚገባው ሌላ ጋዝ ነው፤ የወጣው በአየሩ ተበትኗል፣ ማንም አይሰበስበውም። በኢትዮጵያ ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጣ። ቀዳዳው በሕግ ተደፈነ። በአሊዩ አምባ አልፈው፣ የአፋርን በረሃ ተሻግረው፣ ታጁራ ላይ ጀልባ የተሳፈሩት ግን ያን ጊዜ አልነበሩም፤ የልጅ ልጆቻቸውም ከቀይ ባሕር ማዶ በሌላ ቋንቋ ይናገራሉ።